የአርቪድ ሞስ ካርድ

አርቪድ ሞስ የመጠጥ ጠብታ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አባቱ ሰክሮ ከጀልባ ወድቆ ሲሰጥም እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ይሁን ልቅሶ፣ ብርጭቆውን ውሃ ሞልቶ ነው የሚቀመጠው። በአላስካ ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አብሬው ነው የተማርኩት። ስለዚህ የሠራሁትን ስናገር አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማችን ብቸኛ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። እኛ ዘንድ መጠጥ የሚገዛ ሰው፣ ሽበታም ሽማግሌም ቢሆን፣ መንጃ ፈቃዱን ያሳያል። ፍርድ ቤት መጠጥ የከለከለው ሰው ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፍበታል፤ ያን ያየ ሻጭ አይሸጥለትም። እንዲህ ስሠራ ኖሬ ዓይኔ ፊት ማየትና ስም ማንበብ ትቷል። ምልክት ይፈልጋል፣ ከሌለ ያልፋል።

ከአራት ዓመት በፊት የሸርጣን ማጥመጃ ብረት ከገመዱ ተፈናጥሮ የአርቪድን ጭንቅላት መታው። ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳውንም ጠጉሩ ሸፈነው። ከሰዓት በኋላ ሲደክመው ግን ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይወላገዳል። ላየው ሰው የለየለት ሰካራም ነው። መጀመሪያ ሁላችንም አዘንንለት። ቆይቶ ማዘኑ ሰለቸንና ወሬው ተጀመረ፤ አርቪድም በስተርጅና ጀመረው፣ ያው የአባቱ ልጅ አይደል ተባለ። አብሮት ባሕር የሚወጣ ሰው ስላጣ ጀልባውን ሸጠ። ፖሊስም ሁለት ጊዜ አስቁሞ ሰክረህ እንደሆነ እንይ ብሎ በመስመር ላይ አራመደው።

በዚህ መሐል ሚስቱ ዶሪን አንድ ነገር ሰማች። ከውጭ የማይታይ ጉዳት ያለበት ሰው ከፈለገ መንጃ ፈቃዱ ላይ ምልክት ይደረግለታል። አርቪድ የሚያውቀኝ ያውቀኛል እያለ ዓመት ሙሉ እምቢ አላት። ልጃቸው ብሪታ ልታገባ ስትል ግን ተሸነፈ። እኛ ዘንድ የሙሽራ አባት የመጀመሪያውን ጠርሙስ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ከፍቶ፣ ለእንግዳው እየቀዳ ይመርቃል። አርቪድ ያን ቀን ሰክሯል ሳይባል ልጁን መርቆ መዳር ፈለገ። ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። በሰው ጀልባ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ከተማ ተሻግሮ ምልክት ያለበትን ካርድ አወጣ። በከተማችን የመጀመሪያው እሱ ነው።

የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ መጣ። ሰው ሞልቶ ነበር። አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ አቅፎ እየተወላገደ ተሰለፈ። ከኋላው የነበረው ዓሣ አጥማጁ ሮይ፣ "አርቪድ፣ የሚወዛወዘው ባሕሩ ነው ወይስ አንተ?" አለው። ሰው ሳቀ፤ አርቪድም አብሮ ፈገግ አለ። ተራው ሲደርስ ካርዱን ፊቴ አስቀመጠ።

ምልክት አየሁ። ቀይ አልነበረም፤ እኔ ግን ቀይ አድርጌ አየሁት። በሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያኛው ሌላ ምልክት አጋጥሞኝ አያውቅማ። ለካ ወሬው እውነት ነው፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል አልኩ በልቤ። ጠርሙሱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ሱቁ ግን ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰማ።

"ይሄን ልሸጥልህ አልችልም፣ አርቪድ። ለብሪታ ስትል ዛሬን እንኳ ተው። ቤትህ ሂድና ተኛ።"

ጣቱን ካርዱ ላይ አደረገ። "አን... አን..." አለ። አንብቢ ሊለኝ ነበር፤ ዛሬ ገብቶኛል። ሲከፋው ጭራሽ ቃል አይወጣውም። ሮይ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ወሰደው።

በማግስቱ ብሪታን አጎቷ ይዟት ገባ። ጠርሙሱንም የከፈተው፣ የመረቃትም አጎቷ ነው። አርቪድ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ቢነሳ ሰው ምን እንደሚል ያውቃል። ብሪታ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። አልተነሳም። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ ልጁን አላሳፈራትም ብዬ በልቤ አመሰገንኩት።

ሰኞ ጠዋት ዶሪን ሱቅ መጣች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። የባሏን ካርድ ፊቴ አድርጋ እስካነብ ቆመች። አነበብኩት፤ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ያለበት ይላል። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያለ እዚያው አለቀስኩ።

ያንኑ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። አርቪድ መረብ እየጠገነ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። ቃላቱን እስኪሰበስብ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

"ሮይ... ሮይ ቢሆን ግድ የለኝም" አለኝ። "አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።"

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ዳቦና ወተት ሊገዛ ይመጣል። ከዳቦው አስቀድሞ ካርዱን ያወጣና ጽሑፉን ወደ እኔ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ለዳቦ እኮ ካርድ አያስፈልግም ብዬ ስንቴ ለመንኩት። እሱ ግን አንብቤ እስክጨርስ ይጠብቅና ዳቦውን አንስቶ ይሄዳል።