ውሃ ልክ የራሱን ንጣፍ ሲያነሳ

ችግሩ ሲነገር ቀላል ነው። የእናቱ መታጠቢያ ቤት ወለል ከሐሙስ በፊት ተነስቶ በማያዳልጥ ንጣፍ መተካት አለበት፤ የኮንክሪት ግድግዳው ላይም ሁለት የብረት መደገፊያዎች መተከል አለባቸው። እናቱ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያ አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

እሱን የሚቆጨው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ወለል ያነጠፈው እሱ ራሱ ነው።

ሰፈሩ "ውሃ ልክ" ይለዋል። ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ እንኳ ከመቀመጡ በፊት ወለሉን በዓይኑ ይለካል። የእናቱን መታጠቢያ ቤት ሲሠራ ግን ለግድግዳ የተሠራ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ መሬት ላይ አነጠፈ። ውሃ ሲነካው ስለሚያዳልጥ ይህ እንደማይደረግ አሳምሮ ያውቃል። ለእናቱ ግን የሚያበራ ነገር አማረው። እሳቸውም "ፊቴን የማይበት ወለል" እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አሳዩለት።

እሁድ ዕለት በራሱ ትንሽ ድሪል ግድግዳውን ሞክሮት ነበር። ድሪሉ ጮኸ፣ መብሻ ብረቱ ፑንታው ጨሰ፣ ቀዳዳው ግን ከጥፍር ርዝመት አላለፈም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መሣሪያ ወደሚከራይበት ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት።

"ትልቁን ስጪኝ" አላት።

"የቱን ትልቅ?"

"አሥር ኪሎውን ማፍረሻ።"

"ምን ልታፈርስበት? ድልድይ?"

"የመታጠቢያ ቤት ወለል።"

"ስንተኛ ፎቅ?"

"ሁለተኛ።"

"በል እንግዲህ፣ ከታች ያሉት ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ ከላይ ሰላም ትላቸዋለህ።"

አልሳቀም። እሷም ፊቱን አየችና ቀልዱን ትታ ሌላ፣ መዶሻ ያለው ማሽን ጠረጴዛው ላይ አወጣች። አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

"የቤትህ ድሪል ለምን እንዳቃተው ልንገርህ?" አለችው። ልዩነቱ ደግሞ በእርግጥም ደስ የሚል ነገር ነው። ተራው ድሪል ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይንገጫገጫሉ፤ ምቱ የሚመጣው ሰውየው ከኋላ በሚገፋው ጉልበት ልክ ነው። መዶሻ ያለው ማሽን ግን ሆዱ ውስጥ የታመቀ አየር አለ፤ አየሩ አንድ ብረት ወርውሮ የፑንታውን ቂጥ ይመታዋል። ሰውየው መያዝ እንጂ መግፋት የለበትም። ፑንታውም እንደ ተራው ተቆልፎ አይታሰርም፤ ግንዱ ላይ ባሉት ቦዮች ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ምቱን ይቀበላል።

"ሲነቃነቅ ተበላሸ ብለህ እንዳትመልስልኝ። እንዲያ ነው ሥራው" አለችው። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ አዞረችለት። "እዚህ ላይ ይዞራል፤ ለእንጨት ነው። እዚህ እየዞረ ይመታል፤ ለግድግዳህ። እዚህ ደግሞ መዞሩን ትቶ ይመታል ብቻ፤ ሰፊ መሮ ሰክተህ ለሴራሚክህ። አሥር ኪሎው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማፍረስ ብቻ ነው የሚያውቀው።"

"ካቃተውስ? ሦስት ቀን ነው ያለኝ።"

"ማን ነው ያነጠፈው?"

የማሽኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

"ባለሙያ ከሆነ ይከብድሃል። ለብ ለብ አድርጎ የሚሠራ ከሆነ ግን በምሳ ሰዓት ትጨርሳለህ።"

"ባለሙያ ነው" አለ ውሃ ልክ፣ ድምፁ እንደ ጥፋተኛ ድምፅ ዝቅ ብሎ።

መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ በላህ?"

"በልቻለሁ እማዬ።"

"እህትህ ወለሉን ሊነቅለው ነው ትላለች። ምን አደረገህ? እግሬ ነው እንጂ የደከመው፣ ወለሉማ ምን በደለ! እንዳትነካብኝ።"

ያዳለጣቸው እሱ ያነጠፈው የግድግዳ ሴራሚክ እንደሆነና መነቀሉ እንደማይቀር ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። "እሺ እማዬ፣ እናያለን" ብሎ ዘጋው።

እህቱ የእናታቸውን ቤት በር ከፍታለት ማሽኑን አየችና ፊቱን አየች። "ቁርጡን ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሐሙስ ገብታ ስታየው ምን ልትላት ነው? ወለሉ ራሱ ተነስቶ ሄደ?"

ግድግዳውን በአንድ ሰዓት ጨረሰው። ማሽኑ ኮንክሪቱን እንደ ሳሙና በሳው፤ መደገፊያዎቹን በቡሎን አሰረና በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለባቸው። አልተነቃነቁም። ወለሉ ግን የዋዛ አልሆነም። ውሃ ልክ ሲያነጥፍ ኮላውን ወለሉ ላይም፣ የሴራሚኩ ጀርባ ላይም ይቀባል። የግድግዳ ሴራሚክ ደግሞ ጀርባው ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ኮላውን ጠጥቶ ይይዘዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የውሃው ቧንቧ ነው። ፕላስቲክ ነው፤ ከንጣፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ወርዶ በሲሚንቶው ውስጥ ያልፋል። በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አያስታውስም። በግራ ይመስለዋል። ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ በቀኝ ይመስለዋል። ቧንቧው ከተነካ ወለሉ ለሐሙስ አይደርስም።

ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘጋ። ከዚያ ተንበርክኮ ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኳ። በሙያው ባዶ ድምፅ ውርደት ነው፤ ኮላው በደንብ እንዳልያዘ ይናገራል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ድምፅ ፈለገ፤ መሮው የሚገባበት መጀመሪያ እንዲሆነው። ድፍን፣ ድፍን፣ ድፍን። አርባ አንደኛው ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ተቆርጦ የገባው ቁራጭ ባዶ ድምፅ ሰጠ።

"ተገኘ!" ብሎ ጮኸ። እህቱ ቧንቧው የተገኘ መስሏት ሮጣ መጣች።

"አይ፣ ሥራ ያበላሸሁበት ቦታ ነው" አላት።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችው።

ከዚያ ጀመረ። መሮውን ወደ ወለሉ ቀጥ አድርጎ አይዝም፤ አጋድሞ፣ ከሴራሚኩ ሥር እንዲገባ እንጂ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርጋል። የማሽኑን ጉልበት ዝቅ አድርጎታል።

አሁን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያ ስድስቱ ተነስተዋል፤ ቧንቧው እስካሁን አልተነካም፤ የት እንዳለ ግን አሁንም አያውቅም። አንዱን በነቀለ ቁጥር ማሽኑን ያጠፋል፣ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋል፣ እርጥበት እንዳለው ለማወቅ እጁን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፋል። ስልኩን ባልዲው ላይ አቁሞ ድምፁን ከፍቶታል፤ ጥሪው ወደ እናቱ ነው።

"እማዬ፣ ስለ ወለሉ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" ይላል፣ መሮውን ከሃያ ሰባተኛው ጠርዝ ሥር እያስገባ።