የእናቴ ወገብና የአየር ሞላ

ከአገር የወጣሁ ዕለት እናቴ እስከ አዲስ አበባ ካልሸኘሁህ ብላ ቆርጣ ተነሣች። ጎህ ሳይቀድ ቡሬ መናኸሪያ ደርሰን ሚኒባስ ያዝንና እሷ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላዋ ተቀመጥን። ተይ እማ፣ ወገብሽ አይችልም ብል ማን ሰምቶኝ! «አንተን አዝዬ በርበሬ የለቀምሁበት ወገብ ነው፤ ዛሬ ልትንቀው?» አለችኝ።

ያ ወገብ ግን የድሮው ወገብ አልነበረም። አንድ ዓመት ከቡሬ ገበያ በእህል ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትመለስ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አንሥቶ ከብረቱ ጋር አጋጫት። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነው። ሚኒባሱ ዘለል ባለ ቁጥር ትከሻዋ ሲኮማተር ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ወደ እኔ ሳትዞር «በቃኝ ልጄ፤ ከዚህ ወዲያ ከድንግል ማርያም ጋር ሂድ» አለች። ደግፌ አወረድኋት፤ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት አግዳሚዋን ለቃላት ጋደም አለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ቀና ብላ ልትስመኝ አልቻለችም፤ እኔው ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ስሜ ሮጥሁ። ስንብታችን ይኸው ነበር።

ወደ ጀርመን የሄድሁት ባለቤቴን ትዕግሥትን ተከትዬ ነው። እሷ ቀድማኝ ሄዳ፣ ሥራ ይዛ፣ እኔን ማስመጣት ብዙ አድክሟታል። እኔ ቡሬ መካኒክ ነበርሁ። የነቀምትን መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሁሉ ባሌስትራውን፣ የሚሸከመውን የብረት ሞላ፣ ሰብሮ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ስለዚህ ከመኪና አካል ሁሉ አብልጬ የማውቀው ሰውና መንገድ የሚጋጩበትን ቦታ ነው። እዚህ ግን ያገኘሁት ሥራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ነበር። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ መጥታችሁ የምታዩት ነውና ልንገራችሁ፦ ሥራው አይከብድም፤ ዝምታው ነው የሚከብደው። እኛ አገር ሰው ሳያናግርህ ባጠገብህ ቢያልፍ ተቀይሞሃል ማለት ነው። እዚህ መንደሩ ሁሉ የተቀየመኝ መስሎኝ ስንት ቀን ምን በድዬ ይሆን እያልሁ ተጨነቅሁ። ብርዱንም ተዉት። የደንበጫ ደጋ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅቃል፤ የዚህኛው ፀሐይዋን ራሷን ያበርዳታል።

የምንኖረው በአንድ ጡረታ በወጡ የባቡር ሠራተኛ ቤት ምድር ቤት ነው። ሄር ክሩግ ይባላሉ፤ ሄር ማለት አቶ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲቆጡ እንኳ «እርስዎ» እያሉ ስለሚቆጡ መጀመሪያ ሰሞን የሚያመሰግኑኝ ይመስለኝ ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። እናቴን በስልክ ወገብሽስ ስላት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላትም። በመጨረሻ ለሦስት ወር እንድትጠይቀን ጋበዝናት። አዲስ አበባ ለቪዛ የጠየቃት ሰው በአስተርጓሚ «ሄደው እንደማይቀሩ በምን እናምናለን?» ቢላት ተገርማ «ምነው ልጄ፣ ቤት የለኝም እንዴ? በርበሬዬንስ አንተ ትለቅምልኛለህ?» ብላ መለሰችለት። ይኸን የሰማሁት አብሯት ከሄደው ያጎቴ ልጅ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ፈርቼ ነበር፤ ቪዛው ግን ወጣ።

ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ከአየር ማረፊያው እኛ ዘንድ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። መኪናዬ ትልቅ፣ ያረጀች፣ የገጠር መንገድ የምትወጣ ዓይነት ናት፤ ሞላዋ ግን ድርቅ ያለ ነው፤ የድልድይ መጋጠሚያ እንኳ ስታልፍ ወገብ ላይ ይመታል። ወለሏም ከፍ ያለ ነው፤ እናቴ እግሯን አንሥታ መግባት አትችልም። ነገር ግን የዚችው ዓይነት መኪና፣ ገንዘብ ለጨመረ ሰው፣ ከፋብሪካ በአየር ሞላ ይወጣል። በብረቱ ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት በየእግሩ ይገባል፤ ኮምፕሬሰር ይነፋዋል፤ በየጎማው ያለ ሴንሰር ከፍታውን ይጠብቃል፤ ቁልፍ ሲጫኑ መኪናዋ ዝቅ ብላ ሰው ታሳፍራለች። እኔም ይኸንኑ የፋብሪካውን ዕቃ ከተጋጨች እህቷ ላይ ፈትቼ በገዛ እጄ ልገጥምላት ወሰንሁ።

ትዕግሥት «ታክሲ ብንጠራላትስ?» አለችኝ።

«ከዚያስ በኋላ? ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ፤ አገሩን አሳያታለሁ።»

ትዕግሥት ሥራዋን ትታ አየችኝ። «ጌታሁን፣ ልታስቀራት ነው እንዴ ያሰብህ?»

የመኪናዋን ቁልፍ አንሥቼ ወጣሁ። ግን እሱን ነበር ያሰብሁ። ወገቧ ካረፈ፣ መንገዱ ከተመቻት፣ ትቀራለች ብዬ ነበር።

ቀጥሎ ሄር ክሩግን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ የሣር ጎተራ አላቸው፤ እሱን ለመንኋቸው።

«ሄር ጌታሁን፣ በግቢዬ መኪና መፍታት ፌርቦተን ነው።» ፌርቦተን ክልክል ማለት ነው፤ ከቋንቋቸው መጀመሪያ የለመድሁት ቃል እሱ ነው።

«ዘይት አላፈስም።»

«ዛሬ አያፈሱም፤ ነገ ያፈሳሉ። እሑድስ? እሑድ መዶሻ እንዲሰማ አልፈልግም።»

«እሑድማ አልሠራም። እኛ አገር ቅዳሜም አይታረስም። በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ በሃያ አንድ ማርያም፤ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ…»

በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና «ታዲያ መቼ ሠርታችሁ ነው የምትበሉት?» አሉኝ።

«እኛም እሱን ስንጠይቅ ነው የኖርን» አልኋቸው። ሲስቁ ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከዚያ ለምን እንደፈለግሁት ነገርኋቸው። «ሚስቴም በመጨረሻው ጊዜ መኪና መግባት ያቅታት ነበር» ብለው የጎተራውን ቁልፍ አመጡልኝ።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ቡሬ የአየር ሞላ የት አይቼ! ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እገባለሁ። (ቅዳሜ መሥራቴን ለእናቴ አትንገሩብኝ።) ጎማዎቹን አወለቅሁ፣ ሞላውንና ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር አወረድሁ። የዛጉት ቡሎኖች አልፈታ ብለው ክንዴን ጨረሱት። ሄር ክሩግ መጀመሪያ ከበር ሆነው ያያሉ፤ ቀጥሎ ወንበር አመጡ፤ ቀጥሎ መኪናዋን በማንሻው በክሪክ ብቻ አቁሜ ከሥሯ መግባቴን ሲያዩ ጮኹብኝ። «በክሪክ የተማመነ ሰው ሲቀበር አይቻለሁ!» ብለው ከባቡር ሐዲድ የተረፈ ወፍራም እንጨት ጎትተው ከሥሯ አነጠፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለታችን ሆነ። እኔ ከረጢቶቹን እገጥማለሁ፤ እሳቸው መብራት ይይዛሉ። ኮምፕሬሰሩን ከኋላ ወለሉ ሥር አስገባን፤ ቀጫጭኑን የአየር ቱቦ ወደ አራቱም እግር ዘረጋን።

ሽቦው ሁሉ አልቆ ስናስነሣት ግን መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ኮምፒውተሯ ዛሬም የብረት ሞላ ያላት ይመስለዋል። መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ሳሚር የሚባል ሶርያዊ ላፕቶፑን ይዞ መጣና አዲሱን አካሏን አስተዋወቃት። «ልክ እንደኛ ናት፤ አገር መቀየሯን ገና አላመነችም» አለኝ። ወዲያው ኮምፕሬሰሩ ጉርርር አለ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ሄር ክሩግ ባርኔጣቸውን አነሡላት።

እናቴ ልትገባ ሳምንት ሲቀራት ጠዋት ጎተራውን ብከፍት መኪናዋ በኋላ ቀኝ እግሯ ተኝታለች። አየር አፍስሳ አድራለች። እናቴን አሳፍሬ መንገድ ላይ ብትተኛብኝስ? በውኃ የቀጠነ ሳሙና ይዤ ከረጢቱን ቀባሁ፤ ምንም። ቱቦውን ተከትዬ ቀባሁ፤ ምንም። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል ቱቦው ከቫልቩ ጋር ከሚጋጠምበት ላይ የሳሙና አረፋ ትንሽ ትንሽ ስትነፋ አየሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ቱቦውን በቢላ አጋድሜ ቆርጬው ኖሯል። ጫፉ ቀጥ ካላለ አየር ያፈሳል። በስለት አቅንቼ ቆርጬ መልሼ ገጠምሁት። በማግስቱ ሄር ክሩግ በሜትራቸው አራቱንም እግር ለክተው «ጉት» አሉ፤ መልካም ማለታቸው ነው።

የመኪና ምርመራ ገና ይቀረኝ ነበር። እዚህ አገር ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር ገጥመህ ዝም ብለህ አትነዳም። መርማሪው መነጽሩን አስተካክሎ መኪናዋን ዞራት።

«ይህች መኪና ከፋብሪካ የወጣችው በብረት ሞላ ነው።»

«አዎ።»

«አሁን ግን በአየር ነው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እናቴ ወገቧን ያማታል።»

«እናትዎ ቴክኒካዊ ምክንያት አይደሉም» አለኝ። ከዚያ ሥሯ ገብቶ እያንዳንዱን ዕቃ እያበራ አየ፤ ከፍ ዝቅ አስደረጋት፤ ነዳት። ዕቃው የዚሁ መኪና የራሱ የፋብሪካ ዕቃ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አሳለፈኝ። ልወጣ ስል ከኋላዬ «ለእናትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ» አለኝ።

እናቴ አየር ማረፊያው በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፏት ብቅ ስትል ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። አንሳለች። ሻንጣዋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። መኪናዋን አጠገቧ አቁሜ ቁልፉን ስጫን እስስስ ብላ ዝቅ አለች።

«ምን ሆነች? ተነፈሰች እኮ!»

«ዝቅ አለችልሽ፣ እማ፤ ግቢ።»

ሳትቸገር ገብታ ከኋላ ተቀመጠችና በሩን መታ መታ እያደረገች «እንዳከበርሽኝ እግዜር ከፍ ያድርግሽ» ብላ መረቀቻት። እኔም ቁልፉን ተጫንሁ፤ መኪናዋ ከፍ አለች። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «አሜን አለች!»

መጀመሪያ እንደ ልማዷ እጀታውን ጨብጣ ነበር። ከከተማው ስንወጣ እጇ ላላ፤ ትንሽ ቆይቶ ወደቀ። በመስታወት ሳያት ተኝታለች። እናቴ መኪና ላይ ስትተኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሦስቱ ወር እንዴት እንደበረረ! በየጠዋቱ መንገድ ወጥታ ያገኘችውን ሁሉ እጅ ነስታ «እንዴት አደራችሁ? ልጆች ደህና? ከብቶች ደህና?» ትላለች፤ ሰዉ መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር፤ በኋላ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር። ሄር ክሩግ እንኳ «እንዴት አደሩ» ማለት ተማሩ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም ብለው ወገቧን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስለመዷት፤ ረዳት። ቅዳሜና እሑድ እየነዳሁ ወንዙን፣ ኮረብታውን አሳያታለሁ። እሷ የምታየው አፈሩን ነው፤ «ይኸ መሬት በርበሬ ይሆን ነበር፤ ፀሐይ አጣ እንጂ» ትላለች።

ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት መኪና ውስጥ እንዳለን ድፍረት አገኘሁ።

«እማ፣ ብትቀሪስ? ወገብሽም ተሽሎሻል። መቆያ ፈቃድ እንለምናለን።»

የሚያልፈውን እርሻ በመስኮት ስታይ ቆየች። «ተሽሎኛል» አለች በኋላ። «እጅህ ይባረክ። ግን እዚህ በዳነ ወገብ ምን ልሥራበት ልጄ? የዳነውን ይዤ ቤቴ ልግባና ላጎንብስበት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

አየር ማረፊያ የወሰድኋት ዕለት መኪናዋ መንገዱን ሁሉ አንዴ እንኳ ሳትነቀንቀን አደረሰችን። ድምፅ እንኳ የላት። ሰዎቹ ወንበሩን እየገፉ ከመስታወቱ ወዲያ ሲያሳልፏት ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም። ቀና ብላ፣ ትከሻዋን አቅንታ ገባች።

አዲስ አበባ በደኅና መግባቷን ያጎቴ ልጅ ነገረኝ፤ ከዚያ የቡሬ ስልክ ተቋረጠ። የጠየቅኋቸው ሰዎች ወደ ቡሬ መንገድ ተዘጋ ይሉኛል፤ ደግሞ ተከፈተ ይሉኛል። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ! ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ነው። በእግሬ እኮ ነው የወጣሁ!»

ወገቧን ጠየቅኋት፤ ዝናቡን፣ የበርበሬ ችግኙን ጠየቅኋት። ሄር ክሩግን ሰላም በልልኝ አለች። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ተሰማኝ።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። ያቺ መኪናህ የሸኘኸኝ ዕለት ጎዳችኝ።»

«አመመሽ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላመመኝም። ምንም አላመመኝም። ብትነቀንቀኝ ወገቤን ብዬ አለቅስ ነበር። እሷ የማልቀሻ ሰበብ ነሣችኝ፤ እንዲሁ ዋጥ አድርጌ ሄድሁ።»

ከመጋዘኑ ደጃፍ ራቅ ብዬ ቆምሁ።

«አንተስ?» አለችኝ። «ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን ስትመለስ ምን ሆንህ?»

«መኪና ነዳሁ፣ እማ፤ እኔንም አልነቀነቀችኝም» አልኋት።