ከእልልታው ኋላ የቆመው

አዘጋጁ «እልል በይ» ባለኝ ቀን እየሰፋሁት የነበረውን የንጉሥ ካባ ፊቱ ላይ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሰፈር ባለችው ስፌት ቤቴ ነበር የምንለማመደው። አዘጋጁ አዲስ አበባ ያደገ የሐርጌሳ ልጅ ነው፤ ቀን ቢሮ ውሎ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እኛን ኢትዮጵያውያን ስደተኞቹን ሰብስቦ አንድ የቆየ የታሪክ ተውኔት ያዘጋጃል። ንጉሡ ጦር ሲያዘምት አንዲት እናት ልጇን ሰጥታ እልል ትላለች። እናቲቱ እኔ ነኝ።

ያን እልልታ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜን ለጦርነት ሲወስዱት እናቴ ደጃፍ ቆማ እልል ብላለች። ወንድሜ አልተመለሰም። የቀበሌው ሊቀመንበር የነበረው፣ ኋላም ያሳደገኝ አጎቴ «እናትሽ ጀግና ናት» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ ጨክኖባታል። በስልክ «ደህና ነሽ?» ከመባባል ያለፈ ወሬ የለንም።

«አልልም» አልኩት። «ልጅ የሚሸኝ እልልታ ከጉሮሮዬ አይወጣም።»

«እህቴ፣ ድርሰቱ እልል አለች ይላል» አለኝ። «ከኋላዋ ማን እንደቆመ ግን አይልም።» ንጉሡን ጀርባውን ለተመልካች አዙሮ አስቀመጠና ዱላ የያዘ ወታደር ከኋላዬ አቆመ።

«ይኼ የቢሮ ፍልስፍና ነው» አልኩት። ንዴቴ አልበረደም።

የትዕይንቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የዱላው ጫፍ ወገቤን ሲነካኝ እልል አልኩ። ተመልካቾቹ ሴቶች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተቀበሉኝ። እልልታ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አገራችን አላበቀለችም፤ ሰርግ የመጡ ይመስል አቀለጡት። ደሜ ፈላ። ወታደሩ ዱላውን ከወገቤ እንዳያነሳ ታዟል፤ እኔም እልልታዬን አላቋረጥኩም። ዱላውን ያየች ሁሉ እያቆመች ሄደችና በመጨረሻ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ደወልኩላት።

«እማ፣ ያን ቀን እልል ስትይ ከኋላሽ ማን ነበር የቆመው?»

«አጎትሽ» አለችኝ።

በየዒዱ ከእሷ አስቀድሜ የምደውለው ለእሱ ነበር።