እንጦጦ ላይ የቀረው አደን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። እስካሁን የማልረሳው ወገቤ ስለማያስረሳኝ ብቻ አይደለም።

የምኖረው ሲግናል አካባቢ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሙክታር ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች እየመራ በረሃ ይወርዳል። ከአዋሽ ማዶ ወዳሉት ደረቅ ተራሮች ለአጋዘን አደን ሊሄድ ሲል ምክር ፈልጎ ቤቴ መጣ። እኔ በጉልምስናዬ አዳኞችን በላንድሮቨር እየጫንኩ እዚያ ተራራ ሥር ብዙ ከርሜያለሁ። የሚተኩሱት እነሱ ነበሩ፤ ሲያወራ የኖረው ግን እኔ ነኝ።

ከሥራ ሲመለስ እየመጣ ካርታ ዘርግተን ስናቅድ ሰነበትን። ውሃ የት እንደሚገኝ፣ መኪናው የት እንደሚቆም፣ ነፋሱ ጠዋት ከየት እንደሚነፍስ ነገርኩት። በመጨረሻ ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት።

"እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።"

ያን ተራራ አንድ ጊዜ ደግሜ ሳላየው መሞት አልፈለግሁም።

ሙክታር ቦርጬን አየት አደረገና "ጋሼ፣ አቀበቱን ይችሉታል?" አለኝ።

"ቅዳሜ እንጦጦ እንውጣ፤ ማን ማንን እንደሚጎትት ታያለህ!"

ቅዳሜ ጠዋት በራጉኤል በኩል ወጣን። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን አቀበት የወጣነው በታክሲ ነው። ጫካው ውስጥ ትንሽ እንደሄድን አንዲት አህያ ስትግጥ አየሁ።

"ያቻት አጋዘናችን!" አልኩት። "አዳኝ አይናገርም። እጄን ካነሳሁ ባለህበት ትተኛለህ። አትጠጋኝም፤ ድምፅህንም አታሰማም።" ሕጉን እንደ ተማሪ አስደገምኩት።

ከዚያ ከዘራዬን እንደ ጠመንጃ ይዤ በደረቴ መሳብ ጀመርኩ። ብዙም ሳልርቅ ወገቤ ቀጭ አለ። በቃ፤ ወደፊትም የለም፣ ወደኋላም የለም። ልጮህ ብል ትንፋሼ ተቆረጠ። የሚንቀሳቀስልኝ እጄ ብቻ ስለነበረ አነሳሁት።

ሙክታር ከኋላዬ ልጥፍ ብሎ ተኛ።

ደግሜ አወዛወዝኩ። ጭራሽ ራሱን ቅጠል ውስጥ ቀበረ። በዕድሜዬ እንደዚያ የታዘዘኝ ሰው የለም፤ የወለድኳቸው ልጆች እንኳ።

አህያዋ ቀስ እያለች መጥታ ኮፍያዬን አሸተተችው። ብትረግጠኝ ምን አደርጋለሁ? ፊቴን እንኳ ማዞር አልቻልኩም። እዚሁ መቅረቴ ነው ብዬ ዕንባዬ መጣ።

ደግነቱ ባለቤቷ ደረሱ። ቅጠል ጠርገው የሚሸጡ ሴት ናቸው።

"ውይ በሞትኩት! አባቴ፣ ምን ሆኑ?"

ሙክታር ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ "እሽሽ!" አላቸው።

"ምን እሽሽ ትለኛለህ? ሽማግሌ ወድቀው አንተ ትደበቃለህ? ተነስ ወዲያ!"

ነጠላቸውን ፈትተው ወገቤን ጥብቅ አድርገው አሰሩና ብብቴን ይዘው አነሱኝ። እዚያ ምን ፈልጌ እንደተኛሁ ቢጠይቁኝ "አጋዘን" አልኳቸው።

ወደ ሙክታር ዞረው "አባትህ እየቃዡ ነው፤ ቶሎ ቤት አድርሳቸው" አሉት። ከዚያ ጀርባዬ ላይ የተጣበቀውን ቅጠል እንደ ሕፃን አራገፉልኝ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሙክታር ከፀጉሩ ቅጠል ይለቅማል። አፈርኩና "በቃ፣ ያለ እኔ ሂዱ" አልኩት። እንደ ወጋችን "ኧረ በጭራሽ! ያለ እርስዎማ አይሆንም" ይለኛል፣ እኔም ትንሽ ተለምኜ በክብር እቀራለሁ ብዬ ነበር።

"እሺ ጋሼ" አለኝ።

ሙክታርና አዳኞቹ ያለ እኔ ሄደው ተመለሱ። ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ። ብቻዬን ስሆን ግን ያቺ "እሺ" ትመጣብኛለች። ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ቢለምነኝ? እውነቴን ነው፣ እምቢ እለው ነበር።