ዶክተር ክቫምና ነጩ ወፍ

በትሮምሶ ከተማ ሙዚየም የወፎች ክፍል፣ አሥራ አራተኛው መሳቢያ ውስጥ ቆዳው ደርቆ የተቀመጠ አንድ ነጭ ወፍ ተኝቷል። አድነው ያዘጋጁት ዶክተር ሃልቮር ክቫም ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝም እሳቸው ስለሆኑ፣ ወፉን ባየሁ ቁጥር አሠራሩን ለሰው ማስረዳት ያምረኛል።

መጀመሪያ ሆዱ በቀጭኑ ይቀደዳል። ከዚያ ቆዳው ከነላባው እንደ እጅ ጓንት ተገልብጦ ይወጣል፤ ሲያዩት እንዴት ደስ ይላል! ተባይ እንዳይበላው ውስጡ አርሴኒክ ያለበት ሳሙና ይቀባል። አርሴኒክ የአይጥ መርዝ ነው። ስለዚህ ዶክተሩ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው፦ ሥጋው ወደ ወጥ ቤት ሳይሄድ የሳሙናው ቆርቆሮ አይከፈትም። በበረዶ አገር ጉዞ ሥጋ አይጣልማ።

አባታቸው ሐኪም እንዲሆኑ ፈለጉ፤ እሳቸው ደግሞ ወፍ ይወዱ ነበር። ሁለቱንም ሙያ በአንድ ሰው የሚፈልግ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ የሚጓዝ መርከብ ብቻ ሆነና ሦስት ጊዜ ተጓዙ።

በሦስተኛው ጉዞ መርከባቸው በግሪንላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ በረዶ ይዟት ከረመች። በመጋቢት ኢሳክ ሊንግ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት መርከበኛ፣ የትሮምሶ ልጅ፣ በስከርቪ ታመመ። ለወራት የቆርቆሮ ምግብ ብቻ የበላ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው፤ ድድ ይደማል፣ እግር ይከብዳል። መድኃኒቱ አዲስ የታደነ ሥጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የወፍ ሾርባ ሁሉ ለኢሳክ ብቻ ሆነ። ድዱ መድማቱን አቆመ፤ ቀልዱም ተመለሰ።

«ዶክተር፣ ቆዳው ለሙዚየም፣ ሥጋው ለእኔ። ጩኸቱንስ ማን ወሰደው?»

«ካፒቴኑ ናቸዋ። ጠዋት አልሰማሃቸውም?»

ያ ነጭ ወፍ በታደነበት ቀን ብርዱ በርትቶ ሳሙናው እንደ ድንጋይ ደረቀ። የነጩ ወፍ ሥጋ እንደ ደንቡ አስቀድሞ ሄዷል። ዶክተሩ ቆርቆሮውን በሙቅ ውሃ ድስት ውስጥ ነክረው ምድጃ ላይ አለሰለሱት። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም አደርገው ነበር። ቆርቆሮው ግን በመጋጠሚያው በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል። ወፉን ቀብተው፣ ላባውን አስተካክለው፣ በደስታ ማስታወሻቸውን ሲጽፉ ድስቱን ረሱት።

በረዶ አቅልጦ አንድ ድስት ውሃ ማግኘት ብዙ ከሰል ይፈጃል። ስለዚህ በዚያ መርከብ ሙቅ ውሃ አይደፋም፤ ያገኘው ይጠቀምበታል። ወጥ ሠሪው ኦሉፍ አገኘና የኢሳክን ሾርባ ሠራበት። ዶክተሩም በእጃቸው አጠጡት።

ኢሳክ ማስመለስ ሲጀምር ድስቱ ትዝ አላቸው። ቆርቆሮውን አንሥተው ስንጥቁን አዩ። በሁለተኛው ቀን ኢሳክ ሞተ።

«ስከርቪ ብለው ይጻፉ» አሏቸው ካፒቴኑ። «ኦሉፍ ከሰማ በራሱ ላይ ይጨክናል።»

ጻፉ።

ሲመለሱ የኢሳክ እናት ጉሪ ሊንግ ወደብ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «እስከ መጨረሻው በእጅዎ አበሉት አሉ» ብለው አመሰገኗቸው። ከዚያ በኋላ በየመከሩ አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንት ሠርተው ያመጡላቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዶክተሩ እየተቀበሉ፣ እያጠለቁ፣ ዝም አሉ።

በዘጠነኛው ዓመት ኦሉፍ ዐረፈ። ከእውነቱ የሚጠብቁት ሰው አልቀረም። ጉሪ አሥረኛውን ጓንት ወደ ሙዚየሙ ሲያመጡ፣ እኔ እያለሁ፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ጉሪ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሾርባው ጣፍጦት ነበር?»

«ጣፍጦት ነበር። ጨምሩልኝ አለ።»

«ጨመሩለት?»

«ጨመርኩለት።»

ጉሪ ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ መልሰው አንሥተው ወጡ።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ዶክተሩን ግን አልጠየቁም። «ወፉን አሳየኝ» አሉኝ። መሳቢያውን ሳብኩላቸው። እጃቸውን ሲሰዱ ያዝኳቸው።

«አይንኩት እማማ። መርዙ አሁንም አለበት።»

«እስካሁን?»

«አይጠፋም።»

ከኪሳቸው ያን ጓንት አወጡና አንዱን አጠለቁ። ለዶክተሩ እጅ የተለካ ስለነበር ሰፋቸው። የወፉን ጀርባ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ እንደገናም ዳሰሱ።

«አሁን ይሄ ጓንት ለሰው አይሆንም?» አሉ።

«አይሆንም እማማ። መቃጠል አለበት።»

አውልቀው ሰጡኝ። ሌላኛውንም ጨመሩልኝ።

ዶክተር ክቫም ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ክረምት ክረምት ወደ በሽተኞቻቸው ሲሄዱ በመስኮት አያቸው ነበር፤ እጃቸው ባዶውን ነው። አንድ ጊዜ ጓንት ገዝቼ ወሰድኩላቸው። አመስግነው ተቀበሉኝ፤ አጥልቀውት ግን አላየኋቸውም።