ቁጡው ሰባኪና የባፈና ምጥ

ልደታ ውስጥ ሸዋንግዛው ፊት ላይ ያልተዘጋ በር ቢኖር የቤተ ክርስቲያኑ በር ብቻ ነው፤ እሱም ሄዶ ስላላንኳኳው ነው። ሸዋንግዛው የሚሲዮን ሰባኪ ነበር። ወንጌልና ትንንሽ መጻሕፍት በሸራ ቦርሳ አንግቶ፣ ከባልደረባው ከተሰማ ጋር ከአብነት እስከ ጠመንጃ ያዥ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ሚሲዮኑ ሰባኪዎቹን የሚልከው ሁለት ሁለት አድርጎ ነውና ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ሁለት ሆነው ይሰደባሉ።

ተሰማ ሲሰደብ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሸዋንግዛው ግን ቱግ ባይ ነው። «ጸረ ማርያም!» ያለውን ሁሉ ቆሞ ይከራከራል፤ ጥቅስ ይጠቅሳል፤ ሰው ጥቅሱን አልሰማ ካለው ድምፁን ይጨምራል። ስለ ፍቅር ሊሰብክ ገብቶ ተጣልቶ የወጣበት ቤት ብዙ ነው። በተለይ አንዲት ሴት ወልዳ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲላት ከሰማ ማለፍ አይሆንለትም። «የማራት እግዚአብሔር ነው!» ብሎ ያርማል። አራስ ሊጠይቅ የመጣን ሰው እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ሲያርም፣ ሰው እንዴት ይወደዋል?

ይባስ ብሎ አንድ የግንቦት ልደታ ቀን፣ ሴቶቹ መንገድ ዳር ተሰብስበው ንፍሮ ሲቀቅሉ መሐላቸው ገብቶ ቦርሳውን ፈታ። ተሰማ «ዛሬስ ይቅርብን» ብሎ እጅጌውን ቢጎትተው አልሰማም። እትዬ ወለተሰንበት የሚባሉት የሰፈሩ አዋላጅ ብድግ አሉና እህሉን ያጠቡበትን እጣቢ በሙሉ አናቱ ላይ ደፉበት።

«በልደቷ ቀን! በገዛ ደጇ!» አሉ።

ቤቱ እስኪደርስ ገለባው ከጸጉሩ አልረገፈም። ተሰማ መንገዱን ሁሉ ሳቁን ሲታገል ነበር፤ ሸዋንግዛውም ለዚያ ሳቅ ስንት ቀን አኮረፈው።

ደግ ቀንም አልጠፋም። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የአንድ ኮርቻ ሰፊ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋ «ስብከቱ ይቅርና ፊደሉን ብታስተምረኝስ?» አለችው። ባፈና ትባላለች። ፊደሉን አስተማራት፤ ስታነብ ወንጌሉን ወደደችው፤ ሸዋንግዛውንም ወደደችው። አባቷ ይህን ሲሰማ ልብሷን ሰብስቦ ደጅ ወረወረው፤ ዓይንሽን ላፈር አላት። ከተጋቡ በኋላ ሰፈርተኛው «ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ አንዲት ነፍስ አዳነ፤ እሷንም ለራሱ ወሰዳት» እያለ ያላግጥበት ነበር። ሸዋንግዛው በዚህ ቀልድ ደሙ ይፈላል። ደሙ የሚፈላውም መልስ ስለሚያጣለት ነው።

የመጀመሪያው ልጃቸው በሆዷ ሞተ። ባፈናንም ከሞት አፍ የመለሳት የሚሲዮኑ ነርስ፣ አንዲት ፈረንጅ ናት። «ሁለተኛውን ሌላ እጅ እንዳይነካሽ፤ እኔ ነኝ የማዋልድሽ» ብላ ቃል ገባችላት። ባፈና ዳግመኛ ስትጸንስ ግን ጣሊያን ከተማውን ይዟል። ያገሩ ወንድ ጫካ ገብቷል፤ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ጣሊያን የሌላ አገር ፈረንጅ ጠላና የሚሲዮኑን ሰዎች ጠቅላላ ከአገር ውጡ አላቸው።

የነርሷን ሣጥን ተሸክሞ ለገሃር ያደረሰላት ሸዋንግዛው ነው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አለቀሰች። «ለባፈና ሁልጊዜ እንጸልያለን» አለችው።

«ጸሎቱንስ እኔም አውቀዋለሁ» አላት። «እጅዎን ቢተዉልኝ ነበር የሚሻለው።»

ነርሷ እጇን በመስኮት አወጣችና አውለበለበችለት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አባራሪው ጣሊያን መሆኑን ልቡ ያውቃል፤ ግን ከጣሊያኑም ይልቅ በእሷ ተናደደ። የማይጠብቁትን ቃል ለምን ይሰጣሉ? እያለ ሽቅብ ወደ ልደታ በእግሩ ተመለሰ። የባቡሩ ጭስ ሳይበተን ተሰማም ማተቡን አሰረ። ልቡ ተመልሶ ቢሆን ሸዋንግዛው በወግ ይከራከረው ነበር። ተሰማ ግን የተመለሰው ፈርቶ ነው። ስለዚህ ሲያገኘው ምራቁን እየዋጠ ያልፈዋል።

ባፈናን ምጥ የጀመራት ሌሊት ነው፤ ረፋዱም አለፈ፣ ልጁ ግን አልወረደም። ሸዋንግዛው ዓይናቸው የደከመ አከራያቸውን አጠገቧ አስቀምጦ ጣሊያን ወደያዘው ሆስፒታል ሮጠ። በር ላይ የቆመው ወታደር ሳያዳምጠው መንገዱን ዘጋበት። አስተርጓሚው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ይኼ የነጭ ነው» አለው።

«ያገሬውስ የት ነው?»

አስተርጓሚው ትከሻውን ነቀነቀ። ወታደሩም ደረቱን በሰደፍ ገፋው። ሸዋንግዛው ያን ወታደር አንቆ ሊገድለው እጁ ተነስቶ ነበር። ሰባኪ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያሳፍራል፤ እሱ ግን አላፈረበትም። የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሱ እዚህ ቢሞት ባፈና እዚያ ብቻዋን ናት። ቁጣውን እንደ ትኩስ ገንፎ ውጦ ተመለሰ።

መጀመሪያ የተሰማን በር አንኳኳ። ተሰማ በስንጥቁ አየው። «ወንድሜ፣ ካንተ ጋር ካዩኝ ለኔም አይበጀኝ» አለና መወርወሪያውን ወረወረው። አብሮት ስንት በር ያንኳኳ ሰው!

ቀጥሎ እትዬ ወለተሰንበት ደጅ ቆመ። ከፍተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መጽሐፍ ከሆነ አልገዛም።»

«ባፈና ምጥ ይዟታል፣ እትዬ። የፊተኛው እንኳ በሆዷ…»

ቀሪውን አልጠበቁም። ነጠላቸውን እየለበሱ ወጡና የሁለት ጎረቤቶቻቸውን በር በጡጫ መቱ። ሸዋንግዛው ስንት ዓመት ያላስከፈተው በር ባንድ ምት ተከፈተ።

«የጸረ ማርያሙን ቤት?» አለች አንደኛዋ።

«እሱ ነው እንዴ የሚያምጠው?» አሏት።

ሸዋንግዛውን ደጅ ትተው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» የሚል ጥሪ ተነሳ። መጀመሪያ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ጆሮውን ያዘ። በመጨረሻ በሩን በርግዶ ገባ።

«በቤቴ አይሆንም! እግዚአብሔርን ጥሩ!»

እትዬ ወለተሰንበት ከባፈና እግር ሥር ቀና አሉ።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! ስማ አንተ ሰው። እኔ እጄ ያለ አፌ አይሠራም። የዚህን ሰፈር ልጅ ሁሉ የተቀበልኩት እሷን እየጠራሁ ነው። አፌን እንድዘጋ ካዘዝከኝ እጄንም ይዤ እሄዳለሁ። ምረጥ!»

እጇን ይዛ የሄደች ሴት አስቀድሞ ለገሃር ላይ አይቷል። ቢሆንም አፉ አልታዘዝ አለው፤ እንደ ግንድ ቆመ። የመረጠችው ባፈና ናት።

«ውጣልኝ!» ብላ ጮኸች። «እኔ የምጠራውን ልቤ ያውቀዋል! እሳቸው የሚጠሩትን ይጥሩ! አንተ ግን ውጣ!»

ወጣ። ግድግዳውን በቡጢ እየመታ ጸለየ፤ ጸሎቱም ጠብ ነበር። «የላክኸኝ አንተ ነህ፤ ያዋረድከኝም አንተ ነህ፤ አሁን እሷን ብትወስድብኝ ሌላ ሰባኪ ፈልግ» አለ። ይህን ማለቱን ከዚያ በኋላ ለማንም አልካደም።

እልልታ ሰማ። ቶሎ ስላበቃ ሴት ልጅ መሆኗን ዐወቀ። አከታትሎም የሕፃኗ ለቅሶ መጣ፤ የእሱን ጠባይ የወረሰች የተቆጣች ለቅሶ። ስለ እናትየዋ መጠየቅ ግን ፈራ።

እትዬ ወለተሰንበት ደም የነካ እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። ሸዋንግዛው ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀዳና ያስታጥባቸው ጀመር። ዓይኑ በሩ ላይ ስለሆነ ግማሹ እግራቸው ላይ ይፈሳል።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉት። ከዚያም ዓይን ዓይኑን እያዩ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አሉት።

በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ሊያርማቸው መሆኑን ያውቃሉ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬም ያምንበታል፤ ከቤቱ ምንም ቢጠፋ እምነቱ አልጠፋም።

«አሜን» አለ።

እትዬ ወለተሰንበት ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «አሜኑ ለማን ነው? ለእሷ ነው ለእኔ?»

«ለእጅዎ» አለና ጣሳውን ሊሞላ ወደ እንስራው ተመለሰ።