የጋሽ ቆጣሪ ግራ እግር

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቆጣሪ ይለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሰው በር እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሯል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ባለቤቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ውሻ ለወጉ ያህል እንደሚጮህ፣ የትኛው ቆጣሪ ሣር እንደዋጠው ጠይቁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። የማያውቀው የገዛ እግሩን ነበር።

እግሩ መናገር የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አርባ ቤት ያህል ካዳረሰ በኋላ የግራ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቆም ሲል ይለቀዋል፤ መሄድ ሲጀምር መልሶ ይይዘዋል። ሲቆሙ የሚተው ነገር በሽታ አይባልም ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አርባው ቤት ሠላሳ ሆነ፣ ሠላሳው አሥራ አምስት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ጋሽ ቆጣሪን ያሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው መንገድ መሃል ዝም ብሎ ሲቆም ምን ይባላል? ወይ ታሟል፣ ወይ የሰው ቤት ያጠናል። ስለዚህ ባቱ በያዘው ቁጥር ሲጋራ ይለኩሳል። ሲጋራ ይዞ የቆመን ሰው ለምን ቆምክ የሚለው የለም፤ እያጨሰ ነዋ! እግሩ ሲብስ መቆሙ በዛ፣ መቆሙ ሲበዛ ሲጋራው በዛ። በቀን አምስት ያጨስ የነበረ ሰው አንዱን ፓኮ ጨርሶ ሌላ መክፈት ጀመረ። ብልሃት መስሎት ነበር።

ከሥራ ክልሉ ጫፍ አንድ ዳገት አለ፤ ዳገቱ ላይ አሥራ ሁለት ቤቶች። በር ተዘግቶ ሲገኝ ቆጣሪ አንባቢ ያለፈውን ወር አይቶ በግምት እንዲጽፍ ይፈቀድለታል፤ ያውም ለአንድ ወር፣ ያውም ግምት መሆኑን አመልክቶ። ጋሽ ቆጣሪ ዓይኑን በጨው አጥቦ አሥራ ሁለቱንም ቤቶች ሰባት ወር በግምት ጻፋቸው፤ ምልክቱንም ተወው። ደግሞ ግዴለሽ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀት ሲሆን ይጨምራል፣ ዝናብ ሲሆን ይቀንሳል፣ ልጅ ለተወለደበት ቤት የገላ መታጠቢያ ያስባል። ችግሩ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቤት ለመንገድ ሥራ ተብሎ ከፈረሰ አምስት ወር መሆኑ ነው። እሱ መዝገብ ላይ ግን ቤቱ በወር አሥራ አራት ሜትር ኩብ ውሃ ሲጠጣ ቆይቷል፤ ባለፈው ወር እንዲያውም አሥራ ስድስት።

አለቃው በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። ጠርታ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤት አሥራ ስድስት ተጠቅሟል ይላል።»

«ሙቀት ነበራ» አለ።

«ቤቱ እኮ የለም። ፈርሷል።»

ጋሽ ቆጣሪ ክው አለ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ምን ይላል? «እንግዲያው ቧንቧው ያፈስ ይሆናል» አለ።

እሷ አልሳቀችም። «ይነሱ፣ አብረን ሄደን እናየዋለን» አለችው።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሳይደርሱ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ሦስት ጊዜም ሲጋራ አወጣ። በሦስተኛው ጊዜ ክብሪቱ እምቢ አለው። ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

«ይሄን ያህል ያጨሳሉ እንዴ?»

«ሱስ ነው ልጄ፣ ምን ይደረግ።»

«ሱስ ባት ያስይዛል?» አለች፤ አንድ እጁ ባቱን ጨብጦ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጫማውን አስወለቀችው። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ጎኗ ላይ ቁስል አለ። ሁለቱንም እግሩን ዳሰሰችው፤ ቀኙ ይሞቃል፣ ግራው በረዶ ነው።

«ይሄ ቁስል ስንት ጊዜው ነው?»

«ጫማው ነው የላጠኝ። ሁለት ወር ቢሆነው ነው።»

ስለ ፈረሰው ቤት አንድ ቃል አልተናገረችም። መኪና አስጠርታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሙ የደም ግፊቱን መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለካ። ክንዱ መቶ ስድሳ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሰባ ሁለት። ጋሽ ቆጣሪ ቁጥር ሲሰማ ነቃ አለ።

«ዋናው መስመር መቶ ስድሳ ይዞ ጫፉ ላይ ሰባ ሁለት ከደረሰ፣ መሃል ላይ ተዘግቷል» አለ።

«ልክ ነዎት» አለ ሐኪሙ። «እግርዎ የሚያምዎት ሲሄዱ ብዙ ደም ስለሚፈልግ ነው፤ የሚያልፈው ደግሞ ትንሽ ነው። ቁስሉም ያልዳነው ለዚሁ ነው። የእግር የደም ሥር የዘጋ ነገር የልብንም የጭንቅላትንም ሊዘጋ ይችላል።»

«ምንድን ነው የዘጋው?»

«ግፊትዎም ስብም አለበት። ዋናው ግን ሲጋራው ነው። አለቃዎ ነግረውኛል፤ በየመንገዱ መቆምዎ እንኳ ምንም አልነበረም፤ ሲቆሙ ማጨስዎ ነው የጎዳዎት።»

ጋሽ ቆጣሪ ልጅ ሆኖ ጨለማ ሲፈራ እንኳ ባልነበረው ድምፅ «እግሬን ልትቆርጡት ነው?» አለ። ፈርቷል።

«ጣቷን አናተርፋትም። እግሩን እንሞክራለን፤ የደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ ገብተን እንከፍተዋለን። ሲጋራውን ካልተዉ ግን ተመልሶ ይዘጋል፤ ያኔ የምንቆርጠው ጣት አይሆንም።»

ባለቤቱ ስትደርስ አልጋው ራስጌ ቆማ ያወረደችበትን ውርጅብኝ ሙሉው ክፍል ሰማ። «ሦስት ዓመት! አጠገብህ የምተኛው እኔ፣ የምታውቀው አለቃህ? ጫማ ጠበበኝ ብትለኝ እኮ አንድ ቁጥር ጨምሬ ገዛሁልህ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም አንተ ሰውዬ?»

«አፍሬ ነው» አለ። «ባሏ ዳገት አቃተው እንዳይሉሽ።»

«እግር የለውም ቢሉኝ ይሻልህ ነበር?» ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ።

የደም ሥሩ ተከፈተ፣ ጣቷ ሄደች። መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቢሮ አስቀመጠው፤ የሚያስተናግደው በግምት ተጻፈብን እያሉ የሚመጡ ሰዎችን ነው። በትሕትና ያዳምጣቸዋል። ክኒኑን ሳያዛንፍ ይውጣል። ከሁሉ የከበደው የሐኪሙ ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ ሲያም መቆም፣ ሲተው መቀጠል። በባዶ እጅ።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ አብራው ወጣች። የሰፈሩ እኩሌታ ላይ ሳይደርሱ ባቱ ያዘው፣ ቆመ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ሲጋራው አማረው፤ ለአንዲት ፍሬ ብሎ የቀሩትን ዘጠኝ ጣቶች የሚሰጥ እስኪመስለው አማረው። መንገድ መሃል እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ቆመ።

ጥግ ካለው ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከወዲያ መጣ። «ምነው፣ በሰላም ነው የቆማችሁት?» አለ።

ባለቤቱ ልትመልስለት ትችል ነበር። ሆን ብላ ለባሏ ተወችለት።

«እግሬን አሞኝ ነው» አለ ጋሽ ቆጣሪ።

ሹፌሩ ግራ ቀኙን አየ። ስልኩን ከጆሮው ቀስ አድርጎ አወረደው።

«የትኛውን?»

«ግራውን። ባቴን።»

«የኔ ቀኙ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓመት አለፈው። ሲይዘኝ ስልክ የማናግር መስዬ ነው የምቆመው። ስልኩ ላይ ማንም እንደሌለ አሁን አንቺም አወቅሽ እንግዲህ፣ ለሰው እንዳትነግሪ» አለ ወደ ጋሽ ቆጣሪ ባለቤት ዞሮ።

ጋሽ ቆጣሪን ባቱ ለቆታል፤ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም።

«ነገ ጠዋት በርህን አንኳኳለሁ» አለው። «ስልኩን ቤት ትተኸው ውጣ።»